እማዬን ይዤ ኢየሩሳሌም ስሄድ ገንዘቡን እንዴት እንደያዝነው

ውጭ አገር ስትሄዱ የሚያስቸግረው የራሳችሁ ገንዘብ አይደለም። የሰው ገንዘብ ነው። በተለይ ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ ኢየሩሳሌም ልትሳለሙ ከሆነ፣ ወሬው ከተሰማበት ቀን ጀምሮ ቤታችሁ ሰው አይጠፋውም። አንዱ ሻማ አብሩልኝ ይላል። አንዷ ስሜን ጥሩልኝ ትላለች። ሌላዋ ለልጄ መስቀል አምጡልኝ ብላ መቶ ብር ጨብጣ ትመጣለች። ሁሉም በብር ነው፤ እዚያ ደግሞ ብር የሚቀበላችሁ የለም።

የ2015ቱን ፋሲካ ከእማዬ ጋር ኢየሩሳሌም ነው የዋልነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ዶላር ይበቃል፣ የት ይመነዘራል፣ በምን ይያዛል እያለ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ልጻፈው ብዬ ነው። ከዚያ በኋላ እዚያ ጦርነት መጣ፣ እዚህም የምንዛሪው ነገር ተለወጠ፤ የተለወጠውን እየነገርኳችሁ እሄዳለሁ።

መጀመሪያ የጉዞ ወኪሉን ነው ያፋጠጥኩት። ቲኬቱ፣ ቪዛው፣ ሆቴሉ፣ አውቶቡሱ፣ ቁርስና እራቱ እዚሁ በብር ይከፈላል። «ሁሉም ተካቷል» ይሏችኋል። እኔ ግን ያልተካተተውን ጻፉልኝ አልኳቸው። ሲጽፉት ምሳ፣ ውሃ፣ ለሾፌርና ለአስጎብኚ የሚሰጥ ጉርሻ፣ ከቡድኑ ተነጥላችሁ ከሄዳችሁ ታክሲ፣ ለየገዳሙ የምትሰጡት ምጽዋት፣ ስጦታ። ዶላር የሚያስፈልገው ለዚህ ብቻ ነው ማለት ነው። ይህን ዝርዝር ሳይይዝ «ትንሽ ይበቃናል» ወይም «ብዙ እንያዝ» የሚል ሰው በግምት ነው የሚሄደው።

የስለቱን ነገር የፈታልን ደብተር ነው። እማዬ ሰው እንቢ ማለት አይሆንላትም። ጎረቤት በእንባ ይዞ የመጣውን እንዴት አልቀበልም ይባላል? ስለዚህ የንስሐ አባታችንን ጠየቅናቸው። እሳቸውም ስም መጥራትና ሻማ ማብራት እዚያ ይሁን፣ የገንዘቡ ስለት ግን እዚሁ ለሥላሴ ቢገባ ስለቱ አይጎድልም አሉን። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለ። ለሚመጣው ሁሉ ይህንኑ እንነግራለን። የክርስትና ስሙን ደብተሩ ላይ እንጽፋለን፣ ገንዘቡን ለደብረ ብርሃን ሥላሴ አስገብተን ደረሰኙን በስሙ እናስቆርጣለን። ከፊት ለፊታችን ያሉት እትዬ ትንሽ ከፋቸው፣ የእኔ ብር ኢየሩሳሌም እንዲደርስ ነበር የፈለግኩት አሉ። እማዬ እጃቸውን ይዛ «እትዬ፣ ስምዎን በጎልጎታ በአፌ እጠራለሁ፣ ብሩን ግን ባንክ ቤት ነው የሚያስቀሩብኝ» አለቻቸው። ገባቸው።

ዕቃ አምጡልኝ ብሎ ገንዘብ የሚሰጥን ሰው ግን ጨርሶ አልተቀበልንም። እግዜር የፈቀደልንን እናመጣለን፣ ክፍያ የለውም፣ አልን። ይህ ጨካኝነት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የሰው መቶ ብር ተቀብላችሁ በሼቄል፣ ማለት በእስራኤል ገንዘብ፣ ስትገዙ ወይ ከራሳችሁ ትጨምራላችሁ ወይ ያሰበውን ሳይሆን ሌላ ይዛችሁ ትመጣላችሁ፣ ሁለቱም ቅሬታ ነው።

ዶላሩን ከባንክ ነው የገዛነው። ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ያዩላችኋል። ያኔ በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል ያለው ልዩነት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር፣ ባንክ ደግሞ ያስጠብቃል። ሆኖም ሕጋዊውን መጠበቅ ይሻላል። አንደኛ መንገድ ላይ የሚሸጥ ዶላር ሐሰተኛ ቢሆን ማንን ትከሳላችሁ? ሁለተኛ ባንኩ የሚሰጣችሁ ወረቀት ቦሌ ላይ ጉምሩክ ሲጠይቅ የምታሳዩት ነው፤ እስክትወጡ ድረስ ከፓስፖርቱ ጋር አኑሩት። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከመቶ አልፏል፣ ከባንክ ውጭ የሚሠሩ የምንዛሪ ቢሮዎችም ተከፍተዋል። ስለዚህ ዛሬ ማግኘቱ ከእኛ ጊዜ ይቀላል፣ ዋጋው ግን ከፍ ብሏል። ለተጓዥ የሚሸጠው መጠን ገደብ በየጊዜው ስለሚሻሻል ከባንካችሁ አረጋግጡ።

ኖቶቹን እዚያው መስኮቱ ላይ እያያችሁ ተቀበሉ። የተቀደደ፣ የተጻፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት፣ በጣም ያረጀ ከሆነ ቀይሩልኝ በሉ። እዚህ ምንም የማይመስል ነገር እዚያ መንዛሪው ገልብጦ አይቶ ይመልስላችኋል። አብዛኛውን በመቶ፣ ጥቂቱን በአምስትና በአስር አድርጉ፤ ትንንሾቹ ለጉርሻ ይሆናሉ። በብር የሚሠራውን የኤቲኤም ካርድ ተስፋ አታድርጉበት። የውጭ ምንዛሪ የሚሞላበት ካርድ ካላችሁ ግን ማሽኑ በዶላር ይቆረጥ ወይስ በሼቄል ብሎ ሲጠይቃችሁ ሼቄል በሉ። ዶላር ካላችሁት ምንዛሪውን ማሽኑ ራሱ ይተምነዋል፣ ብዙውን ጊዜ ያስወድዳል።

አያያዙን እማዬ ናት ያስተማረችኝ። እኔ የወገብ ቦርሳ ገዝቼላት ነበር። እሷ መቀነቷን አወጣች። ዶላሩን በፌስታል ጠቅልላ፣ በመቀነቱ ጫፍ ቋጥራ፣ ከቀሚሷ ውስጥ ታጠቀችው። ዕድሜዋን ሙሉ ገበያ ስትሄድ እንዲሁ ነው የያዘችው። ቀዳም ሥዑር ዕለት፣ ብርሃኑ በሚወጣበት ሰዓት፣ በጎልጎታ ዙሪያ ያለውን ግፊያ ያየ ሰው ይረዳኛል። ሰው ከሰው ጋር ተጣብቆ ነው የሚቆመው፣ ቦርሳ የያዘ ሰው ዓይኑ ቦርሳው ላይ ነው። እማዬ ግን ሁለት እጇን ዘርግታ ጸለየች። እኔ ደግሞ ሌላውን ግማሽ ያዝኩ። አንዳችን ብንዘረፍ ሌላው አለ። የቀኑን ወጪ ብቻ ነው ኪስ ውስጥ የምናደርገው።

አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ለመጀመሪያ ቀን የሚሆን ብቻ መንዝሩ፣ የሚቆርጡት ይበዛል። ሌላውን በደማስቆ በርና በያፎ በር አካባቢ ያሉ ትንንሽ መንዛሪዎች ጋ ነው የመነዘርነው። ያኔ 1 ዶላር ከ3 ሼቄል ተኩል ትንሽ ከፍ ይል ነበር። ሰሌዳው ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አትመልከቱ፤ «መቶ ዶላር ብሰጥህ ስንት ሼቄል በእጄ ትሰጠኛለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ኮሚሽን ካለው እዚህ ላይ ይታወቃል። ሁለት ሦስት ቤት ጠይቃችሁ መንዝሩ። ቆጥራችሁ ሳትጨርሱ ከመስኮቱ አትነሱ።

እማዬ ፊደል ብዙም አልቆጠረችም። ስለዚህ በቀለም አስለመድኳት። 20 ሼቄል ቀይ ነው፣ 50 አረንጓዴ፣ 100 ብርቱካናማ፣ 200 ሰማያዊ። በአንድ ምሽት ያዘችው። ጠዋት ጠዋት አንድ አረንጓዴ እሰጣታለሁ፤ ያ የእሷ ነው፣ ለነዳያን ትስጠው፣ ምሳ ትብላበት፣ አልጠይቃትም።

ለምን እንዲህ እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ቀን እማዬ ሁሉንም ነገር ወደ ብር ትመልሰው ነበር። 1 ሼቄል ያኔ በባንኩ ሒሳብ 15 ብር ገደማ ነው። በፍኖተ መስቀሉ መንገድ ላይ አንድ ጠርሙስ ውሃ ስንት ነው ብላ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት፣ በልቧ አባዛችው፣ ከዚያ «አልጠማኝም» አለች። ፀሐይ ነው፣ ዳገት ነው፣ ጾም ነው። ሌሎች እናቶችም እንደዚያው ያደርጉ ነበር፣ አንዷ አዙሯት ተቀምጣ አይቻለሁ። ይህ ነገር እስካሁን ያሳዝነኛል። ዕድሜ ልኳን የተመኘችውን ቦታ የደረሰች ሴት በውሃ ዋጋ መጎዳት የለባትም! ስለዚህ ሕግ አወጣሁ፤ ስጦታ ስንገዛ በብር እናስባለን፣ ምግብና ውሃ ላይ አናስብም። ገንዘቡ የተያዘው ለዚያ ነው። ደግሞ የኢየሩሳሌም የቧንቧ ውሃ ይጠጣል። ባዶ ጠርሙስ ይዛችሁ ጠዋት ከሆቴሉ ሞልታችሁ ውጡ፣ ይህን ካወቅን በኋላ ውሃ የገዛነው አልፎ አልፎ ብቻ ነው።

ምግቡ ለጾመኛ ይመቻል። ፈላፍልና ሑሙስ ሽምብራ ነው፣ ሥጋም ወተትም የለበትም፣ ርካሽ ነው፣ ያጠግባል። ግን ቀኑን አስሉ። በእኛ ሰሞነ ሕማማት መጀመሪያ ላይ የአይሁድ ፋሲካ ነበር፣ በእነሱ በኩል እርሾ ያለበት ዳቦ አይሸጥም። በሙስሊሞቹ ሰፈር ደግሞ ረመዳን ስለነበር ብዙው ምግብ ቤት ቀን ቀን ዝግ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሰንበታቸው ይገባል፤ በአይሁዶቹ ሰፈር ሱቁ ይዘጋል፣ አውቶቡሱና የከተማ ባቡሩ ይቆማል፣ የሚገኘው ታክሲ ዋጋ ይጨምራል። በስቅለት ዕለት ደግሞ እኛ ስግደት ላይ ነን። ስለዚህ የሚያስፈልገንን ሁሉ ጸሎተ ሐሙስ ላይ ገዛን። አውቶቡስ ለብቻችሁ የምትሳፈሩ ከሆነ በከተማው አውቶቡስ ጥሬ ገንዘብ አይሠራም፣ ራቭ ካቭ የሚባል ካርድ ነው የሚሞላው። ከደማስቆ በር የሚነሱት የአረቦቹ አውቶቡሶች ግን ያኔ ገንዘብ ይቀበሉ ነበር።

ለምጽዋት ለብቻው ነው የያዝነው። በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ባለው ገዳማችን፣ በዴር ሡልጣን፣ ያሉትን የአባቶቻችንን በአቶች ያየ ሰው እጁ አይታጠፍም። ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትም አለች፤ በአፄ ዮሐንስ ዘመን ተጀምራ በአፄ ምኒልክ ዘመን ያለቀች ናት። እማዬ «የእኛ የአንጎለላው ልጅ እዚህም አለ!» ብላ፣ ምኒልክን ማለቷ ነው፣ ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። እንደዚህ ባለ ጊዜ ልብ ይሞቃል፣ ያላሰባችሁትን ትሰጣላችሁ። መስጠቱ ደስ ይላል፣ ከመንገድ ገንዘቡ ግን አይነካ። የምጽዋቱ ቋጠሮ ካለቀ አለቀ። ይህንንም እማዬ ራሷ ናት የወሰነችው።

ስጦታ ለመጨረሻ ቀናት አቆዩት። መጀመሪያ ዋጋ ብቻ ጠይቃችሁ እለፉ። ቤተልሔም ላይ አውቶቡሱ ወደ አንድ ትልቅ ሱቅ ያስገባችኋል፤ ዕቃው ጥሩ ነው፣ የወይራ እንጨት መስቀሉ ያምራል፣ ግን አንድ ሱቅ አይታችሁ አትግዙ። ውጭ ያሉት ትንንሽ ሱቆች ሼቄልም ዶላርም ይቀበላሉ፣ ይከራከራሉ። የሰላሳ ሦስት ሻማ ጥቅል ለምሳሌ፣ 20 ሼቄል ያለኝ ልጅ ስሄድ ጠርቶ በ10 ሰጥቶኛል። ብዙ ከገዛችሁ ደግሞ በአንድ ላይ ተደራደሩ። እኛ ከቡድናችን አራት ቤተሰብ ሆነን መቁጠሪያ በአንድነት ገዛን፣ ዋጋውም በጣም ቀነሰልን።

ደግሞ ሰው ቤት ከሁሉ በላይ የሚወደደው ስጦታ ብዙ ገንዘብ የማይፈልገው ነው። ከዮርዳኖስ የቀዳችሁት ጠበል፣ ከቅዱሱ ብርሃን በርቶ የጠፋ ሻማ። ዮርዳኖስ ላይ ቀስር አል ያሁድ መግቢያ አይከፈልበትም፣ የጠርሙስ ዋጋ እንዳትከፍሉ ከሆቴል ይዛችሁ ሂዱ። ጠበሉን በእጅ ሻንጣ አታድርጉት፣ ፍተሻ ላይ ሊያስቸግር ይችላል፤ በደንብ አሽጋችሁ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ክተቱት። ክብደቱንም ከሆቴል ሳትወጡ መዝኑ፣ ትርፍ ኪሎ በዶላር ነው የሚከፈለው።

ከመመለሳችን በፊት የተረፈውን የወረቀት ሼቄል እዚያው መንዛሪው ጋ ወደ ዶላር መለስነው። እዚህ መጥተን የጠየቅነው ባንክ ሼቄል አይገዛም ነበርና ደግ አደረግን። ሳንቲም ግን መንዛሪው አይቀበልም። የ10 ሼቄል ሳንቲም ትንሽ ትመስላለች እንጂ ያኔ 150 ብር ገደማ ናት፤ ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ቀናት በሳንቲም ነው የገዛነው፣ የቀረውን እማዬ በደብረ ገነት ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ጨመረችው። የተረፈው ዶላር ባንክ ገባ። ለነገ ለሚሄድ ሰው የሚሆን ሌላ ነገር ካለ፣ ደብተሩ እማዬ ጋ ነው፤ ምን ያህል ምሳ፣ ምን ያህል ምጽዋት፣ ምን ያህል ሻማ እንደወጣ ተጽፎበታል። እዚሁ ደብረ ብርሃን ጠባሴ ሰፈር ያላችሁ ጎራ ብላችሁ ማየት ትችላላችሁ።