የቤንዚን ሽታ መቼ ይመጣል?

«አሮጌ መኪና አይደለች እንዴ? ቤንዚን ትሸታለች እንግዲህ» አለኝ መኪናዬን ያሳየሁት መካኒክ። አልተስማማሁም፣ ዛሬም አልስማማም። ሠላሳ ዓመት ያለፋት መኪና ዘይት ብታልብ፣ በሯ ቢንጫጫ፣ የወንበሯ ጨርቅ ቢሳሳ ዕድሜዋ ነው ብዬ እቀበላለሁ። ቤንዚን ግን ከታንክ እስከ ሞተር የሚሄደው በዝግ መንገድ ነው። ሽታው አፍንጫ ከደረሰ መንገዱ አንድ ቦታ ላይ ተከፍቷል ማለት ነው። መንገዱን የሚከፍተው ደግሞ የሚታይ፣ የሚዳሰስና የሚቀየር ዕቃ ነው።

ነገሩን አክብጄ የያዝኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ ባለ ቅዝቃዜ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ተን ያወጣል። ተኑ ከአየር ከ3 እስከ 4 እጥፍ ስለሚከብድ ወደ ላይ ወጥቶ አይበተንም፤ ወለል ላይ ይተኛል፣ ጎድጓዳ ቦታ ይፈልጋል። ከአየሩ ውስጥ 1.4 በመቶ ያህሉን ሲይዝ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ልጆቼ የሚቀመጡት ከታንኩ በላይ ባለው የኋላ ወንበር ላይ ነው።

ብዙ ሰው ፍለጋውን የሚጀምረው «ከየት ነው?» ብሎ ነው፤ ኮፈኑን ይከፍታል፣ አፍንጫውን ወደ ሞተሩ ይሰዳል፣ ሁሉም ቦታ ይሸተዋል። እኔ የጀመርኩት «መቼ ነው?» ከሚለው ነው። ትንሽ ማስታወሻ ደብተር መኪናዋ ውስጥ አስቀመጥኩና ሽታው በመጣ ቁጥር አራት ነገር ጻፍኩ፦ ታንኩ ምን ያህል እንደሞላ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን ሙቅ፣ የአየር ማስገቢያው ቬንትሌተር ይሥራ አይሥራ፣ መስኮት ክፍት ይሁን ዝግ። አፍንጫ አይታመንም፤ ሽታ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ ይለምደዋል። ስለዚህ ከሩቅ የመጣ ሰው ይሻላል። ባለቤቴን ከቤት ጠርቼ በሩን ከፍታ ወዲያው ምን እንደሸተታት እጠይቃት ነበር። የእሷን መልስ ከራሴ አስበልጬ አመንኩ።

ሰዓቱ ብዙ ይናገራል። ሙቅ ሞተር ከጠፋ በኋላ የሚመጣ ሽታ ካርቡራቶር (ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅል ዕቃ) ባላት መኪና የተለመደ ነው፤ የሞተሩ ሙቀት የካርቡራቶሩ ሳህን ውስጥ የቀረውን ቤንዚን ያተነዋል። የእኔዋ ቤንዚኑን በግፊት የሚረጭ ኢንጀክተር ያላት ስለሆነች ይህ አይመለከታትም። ቬንትሌተሩ ሲከፈት ብቻ የሚመጣ ከሆነ ምንጩ ሞተር ክፍል ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ አየር የሚገባው ከፊት መስታወት ሥር፣ ከኮፈኑ ጀርባ ነውና። መስኮት ከፍተው በፍጥነት ሲነዱ የሚመጣና ዓይን የሚቆጠቁጥ ሽታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥሬ ቤንዚን አይደለም፤ ከማርሚታው የወጣ ጭስ በኋላ በር ጎሚኒ (ማሸጊያ ጎማ) በኩል ተስቦ እየገባ ነው። ይህኛው የባሰ ነው። አብሮት የሚገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ ምንም ሽታ የለውም።

የእኔ ደብተር ግን ደጋግሞ አንድ ነገር ይል ነበር፦ ታንኩ ሙሉ። ነዳጅ በሞላሁበት ቀን ይብሳል፣ ግማሽ ሲደርስ ይጠፋል። ሁለተኛው መስመር ይበልጥ ጠቀመኝ፦ ረጅም ኩርባ ላይ ድንገት ይጠነክራል። እንግዲህ ቀዳዳው ነዳጁ ከፍ ሲል ወይም ወደ ጎን ሲዋልል ብቻ የሚደርስበት ቦታ ላይ ነው። የታንኩ አናት!

የኋላው ወንበር ሥር በብሎን የታሰረ የቆርቆሮ ክዳን አለ፤ የነዳጁ ፓምፕና የመለኪያው ተንሳፋፊ የሚወጡት በእሱ በኩል ነው። ከመክፈቴ በፊት መኪናዋን ሜዳ ላይ አውጥቼ በሮቿን ሁሉ ከፍቼ አናፈስኳት፣ ከዚያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታሁ። ቅደም ተከተሉ ይህ መሆን አለበት፤ ባትሪ ሲፈታ ብልጭ ሊል ስለሚችል ተኑ መጀመሪያ ይውጣ። መብራቴ የኤልኢዲ የእጅ ባትሪ ነበር። የሚግል አምፖል ያለው የሥራ መብራት ቤንዚን አጠገብ አታምጡ፤ ወድቆ ሲሰበር የጋለው ክሩ እሳት ይጭራል። ለፈሳሽ ነዳጅ የሚሆን እሳት ማጥፊያም እጄ በሚደርስበት አስቀመጥኩ።

ክዳኑ ሲነሳ ታንኩ አናት ላይ የዓመታት አቧራ ደርቆ ተቀምጧል። አንድ ጥግ ላይ ግን ጠቁሮና ታጥቦ ታየኝ። ቤንዚን ከመንጠባጠቡ በፊት ስለሚተን ብዙ ጊዜ የሚተወው ምስክር ይህ ብቻ ነው፦ አቧራ የሌለበት ቦታ። ቀድሜ የጠረጠርኩት የፓምፑን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ነበር። ነጭ ወረቀት ዙሪያውን ጫን ጫን አድርጌ አነሳሁት፤ ደረቅ። ከአጠገቡ ባለችው አጭር የጎማ ቱቦ ሥር ሳስገባው ረጥቦ ወጣ። ቱቦዋ ከላይ ስትታይ ደህና ናት። በጣቴ ሳጎብጣት ግን ከሥሯ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀች። የታንኩ የአየር መተንፈሻ ቱቦ ናት፤ ግፊት የለባትም፣ ነዳጅ የሚደርስባት ታንኩ ሲሞላና መኪናዋ ስትታጠፍ ብቻ ነው። ደብተሩ ላይ የጻፍኩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ትርጉም አገኘ። እንዲህ ያለ ደስታ ለማንም እመኛለሁ።

ስለ ጎማ ቱቦ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። የውሃ ቱቦ ስፋቱ ልክ ስለሆነ ብቻ ለነዳጅ አይሆንም፤ ቤንዚኑ ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል። የነዳጅ ቱቦ ጎኑ ላይ ደረጃው ይታተምበታል። «ኤስኤኢ 30አር7» (ኤስኤኢ የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር መለያ ነው) የሚለው ለካርቡራቶር ዝቅተኛ ግፊት ነው፤ «30አር9» የኢንጀክተርን ግፊት ይችላል። ታንክ ውስጥ ነዳጅ ውስጥ ተነክሮ ለሚውል ቱቦ ደግሞ «30አር10» ያስፈልጋል፤ ሌሎቹ ከውጭም ነዳጅ ሲነካቸው አይቆዩም። ለጥንት ቤንዚን የተሠራ ጎማ ኢታኖል የተቀላቀለበት ነዳጅ ሲገባበት ቶሎ ይጎዳል። ቱቦዋን ስቀይር ፋሸታውም (ቱቦውን የሚያጠብቀው ቀለበት) ቢሆን ጥርሱ ጎማውን የሚነክሰውን ዓይነት ትቼ ጠርዙ የታጠፈ፣ ውስጡ ልሙጥ የሆነውን ተጠቀምኩ።

ትልቁ ሽታ ሲጠፋ ከሥሩ ተሸፍኖ የነበረ ሌላ ትንሽ ሽታ ብቅ አለ፦ ብርድ ባለበት ጠዋት፣ ሞተር ሲነሳ፣ ለጥቂት ደቂቃ። ይህ የኢንጀክተር ጎሚኒዎች ጠባይ ነው። ያረጀ ጎማ ሲበርደው ይኮማተራል፣ ሲሞቅ መልሶ ይዘጋል፤ ከሰዓት በኋላ ኮፈን ከፍቶ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን አዙሬ ፓምፑ ግፊት እንዲሞላ አደረግኩና በእያንዳንዱ ኢንጀክተር ሥር ወረቀት ያዝኩ። አንደኛው አረጠበው። የፓምፑን ፊውዝ ነቅዬ ሞተሩን ራሱ እስኪጠፋ አሠርቼ ግፊቱን አወረድኩ፣ ከዚያ የሁሉንም ጎሚኒ በንጹህ የሞተር ዘይት አርሼ ቀየርኩ። በዚያው የነዳጁን ግፊት መቆጣጠሪያ የቫኪዩም (አየር መሳቢያ) ቱቦ ነቅዬ አየሁ፤ ቱቦው ውስጥ ቤንዚን ቢገኝ የመቆጣጠሪያው ስስ የውስጥ ሽፋን ተቀዷል ማለት ነበር። ደረቅ ነው። ቤንዚን ወደ ዘይቱ ገብቶ እንደሆነ ለማወቅ የዘይት መለኪያውንም አሸተትኩ፤ ዘይት ብቻ ይሸታል።

ነዳጅ ስሞላ ማሽኑ ራሱ ቀጭ ብሎ ሲቆም በቃ እላለሁ። ከዚያ በላይ መጨመር ፈሳሹን የታንኩን ተን ወደሚይዘው የከሰል ሣጥን (ካኒስተር) ሊገፋው ይችላል፤ ተን እንዲይዝ የተሠራ ከሰል ፈሳሽ ከጠጣ ሥራውን በአግባቡ አይሠራም።

አሁን ታንኩ ሙሉ ሆኖ ኩርባ ላይ ስነዳ አይሸትም፤ ባለቤቴም ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍታ አረጋግጣለች። የቀረኝ የመሙያው አንገት ላይ ያለው ወፍራም ጎማ ነው። ሳጎብጠው ስንጥቅ አላሳየም፣ ግን ዕድሜው ከተሰነጠቀችው ቱቦ ጋር እኩል ነው። አዝዤዋለሁ። ሲመጣ ታንኩን ከሩብ በታች አውርጄ፣ የኋላውን ጎማና ፓራፋንጎ ፈትቼ እቀይረዋለሁ፤ የብረት አንገቱንም በዚያው ዝገት በልቶት እንደሆነ አያለሁ።