ሳነቴ ላይ የቆመው ሃርድ ዲስክ

በካሴት በሚቀረጽበት ዘመን የኤዲተር ትልቁ ጣጣ ካፕቸር ነበር። አንድ ሰዓት የተቀረጸ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ለመግባት ልክ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ከመስክ አሥር ካሴት ይዞ ለመጣ ቡድን አሥር ሰዓት ካሜራ እያጫወቱ መጠበቅ ግድ ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ ኮምፒውተሩ ለሌላ ሥራ አይነካም። ቴፑን የሚያነበው የካሜራው ሄድ ቆሽሾ ምስሉ መሃል ላይ ከተቆራረጠ ደግሞ ወደኋላ መልሶ እንደገና። ስለዚህ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ እሠራበት የነበረው የቪዲዮ ፕሮዳክሽን ድርጅት ከካሜራ በቀጥታ ሃርድ ዲስክ ላይ የሚቀርጹ ሁለት ሪከርደሮች ሲያስመጣ ከማንም በላይ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ።

ካሜራዎቻችን ሶኒ ፒዲ 170 ነበሩ፤ በጊዜው ሠርግ የሚቀርጽ ሁሉ የሚያውቃቸው። ከካሜራው ጎን ካለችው አራት ፒን ያላት ትንሽ የፋየርዋየር ሶኬት ኬብል ይወጣና ሪከርደሩ ላይ ይሰካል። ሪከርደሩ ውስጥ ያለው የላፕቶፕ ዓይነት ባለ 2.5 ኢንች ዲስክ ሲሆን 80 ጊጋባይት ይይዛል። ካሜራው የሚቀርጸው ዲቪ የተባለው የቪዲዮ ዓይነት በሰከንድ 3.6 ሜጋባይት፣ በሰዓት ወደ 13 ጊጋባይት ስለሚወስድ አንዱ ዲስክ ስድስት ሰዓት ያህል ይቀርጻል ማለት ነው። ፒዲ 170 ዲቪካም በተባለው ስልት ሲቀርጽ ባለ 60 ደቂቃው ካሴት 40 ደቂቃ ላይ እንደሚያልቅ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነበር። በጥራት በኩል ልዩነት የለም፤ ዲስኩ ላይ የሚገባውና ካሴቱ ላይ የሚጻፈው ዳታ አንድ ነው። ዲስኩ የተዘጋጀበት ፋት 32 የተባለው የፋይል አያያዝ ፎርማት ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል ስለማይቀበል ሪከርደሩ 20 ደቂቃ ሳይሞላ አዲስ ፋይል ይከፍታል፤ ኤዲቲንግ ላይ ማገጣጠም ነው እንጂ ችግር የለውም።

አዲስ አበባ ውስጥ ለወራት ሠራንባቸው። ስብሰባ፣ ሥልጠና፣ የምረቃ ሥነ ሥርዓት፤ ማታ ቢሮ ገብቼ ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቼ ወዲያው ኤዲት እጀምራለሁ። አንድም ፍሬም አልጎደለብኝም።

ከዚያ የባሌ ሥራ መጣ። ስለ ቀይ ቀበሮ አጭር ዘጋቢ ፊልም ነው፤ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን፣ ጎባ አድረን፣ በየቀኑ ማለዳ ወደ ሳነቴ አምባ መውጣት። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ሲሆን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ባሌ ነው ያለው። ደግነቱ እንደ ብዙዎቹ አዳኞች የሌሊት እንስሳ አይደለም፤ አይጥና ፍልፈል የሚያድነው በቀን ብርሃን ነው። ካሜራ ይዞ በትዕግሥት ለተቀመጠ ሰው ያሳየዋል።

በጉዞው ዋዜማ ክርክር ተነሣ። አዘጋጇ ሁለቱም ካሜራዎች በዲስክ ብቻ እንዲቀርጹ ፈለገች። ምክንያቷ በቂ ነበር። ካሜራው ውስጥ ካሴት ካለ በስታንድባይ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ቴፑን ለመጠበቅ ብሎ ራሱን ያጠፋል፤ ካሴት ከሌለው ግን ክፍት ሆኖ ይቆያል። እንስሳ ለሚጠብቅ ቀራጭ ካሜራው ነቅቶ መቆየቱ ትልቅ ጥቅም ነው።

ጋሼ የምንላቸው ዋናው ካሜራማናችን ግን አልተስማሙም። እሳቸው በፊልም ጀምረው ቤታካም በሚባለው የቀድሞ የቪዲዮ ካሴት ያለፉ፣ ብዙ ዕቃ ሲመጣና ሲሄድ ያዩ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ዲስኩ እኮ ይበቃል፤ ካሴቱን ይተዉት» አለቻቸው።

«የኔ ልጅ፣ ዲስኩን አልጠላሁም፤ ይቀርጽ። ካሴቴን ግን አታስወጪኝ። ካሜራው ሲጠፋ እኔ አበራዋለሁ።»

በመጨረሻ ዋናው ካሜራ በካሴትም በዲስክም፣ ወጣቱ ልጅ የያዘው ሁለተኛው ካሜራ ደግሞ ሰፊውን ምስል በዲስክ ብቻ እንዲቀርጽ ተስማምተን ወጣን።

ከጎባ ወደ ሳነቴ መንገዱ ቶሎ ነው የሚወጣው። የአስታውን ጫካ አልፈን፣ ዛፍ የሚባል ነገር አልቆ ጅብራዎቹ ብቻ እዚህም እዚያም የቆሙበት ሜዳ ላይ ስንደርስ ከፍታው 4,000 ሜትር ገደማ ነበር። የበጋ ማለዳ ስለነበረ ሣሩ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። ከፓርኩ የተመደበልን ስካውት ራቅ ያለ ጉብታ ላይ አንዲት ቀበሮ አሳየን። ትራይፖዶቹ ተተከሉ፤ እኔ ሁለተኛው ካሜራ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ሥራዬ ሪከርደሮቹን መከታተልና ፋይሎቹን መመዝገብ ነበር።

ሪከርደሩ መጀመሪያ ቀረጸ። ጥቂት ደቂቃ እንደሄደ ከውስጡ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስክሪኑን ሳይ ቆጣሪው ቆሟል። ካሜራማኑ በዓይኑ የሚያይበት የካሜራው ቪውፋይንደር ላይ ግን ምስሉ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ልጁ ዓይኑን ከዚያ ሳያነሳ ቀበሮዋን እየተከተለ ነው። በዲስክ በቀጥታ የመቅረጽ ዋናው አደጋ ይኼ ይመስለኛል። ካሴት ሲያልቅ ወይም ሲበላሽ ካሜራው ራሱ ይናገራል፤ ማስጠንቀቂያው ቪውፋይንደሩ ውስጥ ይበራል። ሪከርደሩ ግን ትራይፖድ እግር ላይ የታሰረ ሌላ ዕቃ ነው፤ ሲቆም ካሜራማኑ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ባይኖር ኖሮ ልጁ እየቀረጽኩ ነው ብሎ ጠዋቱን ሙሉ ይቆይ ነበር።

አጥፍቼ አበራሁት። ዲስኩ ተነሥቶ ሲሽከረከር ይሰማል፣ ከዚያ ያው ቀጭታ፣ ከዚያ ዝም። ብርዱ ይሆናል ብዬ ከጃኬቴ ሥር አስገብቼ በሰውነቴ አሞቅሁት። ትንሽ ቀረጸና ደግሞ ቆመ። ወዲያው ሮጬ ጋሼ ዘንድ ስሄድ የእሳቸውም ሪከርደር ቆሟል። እሳቸው ቀና እንኳ አላሉም፤ በእጃቸው ብቻ ተወው የሚል ምልክት ሰጡኝ።

ቀበሮዋ ያን ጊዜ ማድባት ጀምራ ነበር። አንድ እግሯን አንሥታ ሳታሳርፍ ትቆያለች፤ ጆሮዎቿ ወደፊት ተቀስረዋል፤ ሆዷ መሬት እስኪነካ ዝቅ ብላ ጥቂት እርምጃ ትሄድና ደርቃ ትቀራለች። ፍልፈሉ ከጉድጓዱ አፍ አፈር እየገፋ ግማሽ ሰውነቱን አወጣ። ዘለለች። አፈሩ ተበተነ፤ ቀና ስትል ፍልፈሉ አፏ ውስጥ ነበር። ጋሼ ከማድባቱ እስከ መያዙ በአንድ ሾት ሳይቆርጡ ካሴት ላይ ቀረጹት። እኔ ለሁለተኛው ካሜራ ካሴት ፍለጋ ወደ መኪናው እየሮጥኩ ነበር፤ ካሴቱን ይዤ ስመለስ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። ሜዳውን፣ ጅብራዎቹን፣ ከሩቅ የቱሉ ዲምቱን ተራራ ይዞ የቀበሮዋን ዝላይ በሰፊው የሚያሳየው ምስል የለንም። እስከ ዛሬ ያንን ሾት ሳስብ ያንገበግበኛል።

ማታ ጎባ ሆቴል ገብተን ሪከርደሮቹን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አበራኋቸው። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበር፤ ማሞቂያ የለውም። ሁለቱም ዲስኮች ያለ ምንም ድምፅ ተነሥተው ፋይሎቻቸውን አሳዩ፤ ሙከራ ቀረጻም ጀመርኩ፣ አልቆሙም። ብርድ ብቻ ቢሆን ጠዋት ጃኬቴ ሥር ሲሞቅ መሥራት፣ ማታ ደግሞ ማስቸገር ነበረበት። ተቃራኒው ነው የሆነው። የተለወጠው ትልቁ ነገር ከፍታው ነው።

ከሪከርደሩ ጋር የመጣውን መመሪያ ከሻንጣዬ አውጥቼ እስከ መጨረሻዎቹ ገጾች አገላበጥኩ። ከሙቀትና ከእርጥበት ቀጥሎ በትንንሽ ፊደል የተጻፈ አንድ መስመር አለ፤ ለሥራ የሚፈቀደው ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር። ይህ 10,000 ጫማ ማለት ሲሆን በብዙ ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስኮች መመሪያ ላይ የሚገኝ ቁጥር ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ተራ ሃርድ ዲስክ ውስጡ አየር አለ፤ ሽፋኑ ላይ «ይህን ቀዳዳ አትሸፍኑ» የሚል ጽሑፍ ያለባት ትንሽ ቀዳዳ ያለችውም ውስጡና ውጪው በግፊት እንዲመጣጠኑ ነው። ዳታ የሚጽፈውና የሚያነበው ሄድ ዲስኩን አይነካም፤ ዲስኩ ሲሽከረከር የሚፈጠረው ስስ የአየር ንጣፍ ደግፎ ይይዘዋል። ክፍተቱ ከፀጉር ውፍረት በሺዎች እጥፍ ያነሰ ነው። 4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ሄዱን ደግፎ የሚይዘው አየር ይሳሳል፤ ሄዱ ዝቅ ይላል፤ መጻፍና ማንበብ ያቅተዋል፤ ዲስኩ ራሱን ለማዳን ሄዱን ወደ ማረፊያው ይመልሰዋል። እኔ የሰማሁት ቀጭታ ይህ ሙከራ ነበር። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር አካባቢ ስለሆነች የቢሮው ሙከራ ይህንን ሊያሳየን አይችልም ነበር። 3,048 ሜትር ሲታለፍ ዲስክ ሁሉ ወዲያው ይቆማል ማለት አይደለም፤ ከዚያ በላይ ፋብሪካው ኃላፊነት አልወስድም ማለቱ ነው። አንዱ ይሠራል፣ ሌላው አይሠራም።

ያን ሌሊት የተቋረጡትን ፋይሎች ለማዳን ተቀመጥኩ። ሪከርደሩ የሚጽፈው ኤቪአይ የተባለው የቪዲዮ ፋይል ማውጫውን የሚጽፈው ቀረጻው በሥርዓት ሲዘጋ ነው፤ መሃል ላይ ከተቋረጠ ዳታው ዲስኩ ላይ እያለ ፋይሉ አልከፈትም ይላል። የዲቪ ደግነቱ እያንዳንዱ ፍሬም ራሱን የቻለ መሆኑ ነው፤ ፓል በተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት አንዱ ፍሬም ምን ጊዜም 144,000 ባይት ነው። መጠኑ ከታወቀ ከዳታው ውስጥ ፍሬሞቹን አንድ በአንድ ለይቶ እንደገና መደርደር ይቻላል። ዲስኩ ከመቆሙ በፊት የቀረጸውን አብዛኛውን በዚህ መንገድ አወጣሁ። ያልተጻፈውን ግን ማንም አያወጣውም።

አዲስ አበባ ስንመለስ ሥራ አስኪያጃችን ዕቃው ተበላሽቷልና ላመጣልን ነጋዴ ይመለስ አሉ። አልተበላሸም ብዬ የመመሪያውን ገጽ ኮፒ አድርጌ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ፤ ሁለቱንም ሪከርደር ቢሯቸው ውስጥ አብርቼ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲቀርጹ ተዉኳቸው። ማታ ሲወጡ አይተው «በል እንግዲያው የት የት እንደማይሄዱ ጻፍና ግድግዳው ላይ ለጥፍልኝ» አሉ። ጻፍኩ። ሳነቴ፣ ከሰሜን ተራሮች ሳንቃበርና ቼነክ፣ የመንዝ ጓሳ፣ ከላሊበላ በላይ ያለው አቡነ ዮሴፍ። አገራችን ከፍታ የሚበዛባት ስለሆነች ዝርዝሩ ረዘም አለ። ለእነዚህ ቦታዎች ካሴት ብቻ ይሄዳል፤ ማታ ወደ ዝቅተኛው ከተማ ሲወረድ ካሴቱ እየተጫወተ ወደ ዲስክ ይገለበጣል። ዝቅ ባለ ቦታም ቢሆን ካሴት ያለ ዲስክ፣ ዲስክ ያለ ካሴት መቅረጽ ቀረ።

በኋላ ሌላም ነገር ጨመርንበት። ሠርግ ላይ ሪከርደሩን ከትልልቅ ስፒከሮች አጠገብ ማስቀመጥ ተከለከለ፤ ከባድ የቤዝ ንዝረት ሄዱን ከመስመሩ ያስወጣዋል። ይህንን በዝርዝር አልሄድበትም፤ ርቀት መጠበቅ ይበቃል።

ዛሬ ካሴት የለም፤ በቀጥታ ወደ ውጪ ዲስክ መቅረጽ ግን ከመቼውም በላይ ተስፋፍቷል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ብላክማጂክ ፖኬት 4ኬ ካሜራ በዩኤስቢ ሲ ኤስኤስዲ ላይ ይቀርጻል፤ አይፎን 15 ፕሮም እንዲሁ። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገርም፣ በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ሄድም ስለሌለው የሳነቴው ችግር አያገኘውም። የኬብሉና የፋይል መዝጋቱ ነገር ግን ያው ነው። ዩኤስቢ ሲ ሶኬት መቆለፊያ የለውም፤ በቀረጻ መሃል ትንሽ ከተነቀነቀ ይቋረጣል። እነዚህ ዲስኮች ብዙ ጊዜ የሚዘጋጁበት ኤክስፋት ፎርማት ደግሞ የጀመረውን ጽሑፍ መዝግቦ የሚይዝ ጆርናል ስለሌለው ድንገት ሲቋረጥ ፋይሉ ሳይዘጋ ይቀራል። ኬብሉ በክላምፕ ይታሰር፤ ቀረጻው ቆሞ ካሜራው ጽፎ እስኪጨርስ ማንም አይንካው።

በቅርቡ አንድ ወጣት ቀራጭ ለጭላዳ ቀረጻ ወደ ሰሜን ተራሮች ሊሄድ ሲል ዕቃውን አሳየኝ። ለቀረጻው ሁለት ኤስኤስዲ ይዟል፤ ለመገልበጫ ግን ርካሽ ስለሆነ ባለ 4 ቴራባይት ተሽከርካሪ ዲስክ ገዝቶ ቼነክ ካምፕ ድንኳን ውስጥ ማታ ማታ ሊገለብጥበት አስቧል። ቼነክ 3,600 ሜትር ላይ ነው። የዲስኩን መመሪያ አብረን ከፍተን አየን፤ ያው 3,048 የሚለው መስመር እዚያ አለ። አንድ ኤስኤስዲ ጨመረ፤ ተሽከርካሪውን ደባርቅ ሆቴል ትቶት ወጣ፤ ሲወርድ እዚያው ገለበጠበት።