ውበቱን ይዞ ምክንያቱን የረሳ አኒሜ፦ ጊልቲ ክራውን

ታናሽ ወንድሜ ሥዕል መሥራት ይወዳል። አንድ ምሽት በባለ ቀለም እርሳስ የሠራትን አንዲት ልጃገረድ አምጥቶ አሳየኝ። ጸጉሯ ፈዘዝ ያለ ሮዝ፣ ዓይኖቿ ቀይ፣ ልብሷ ደግሞ ውኃ ውስጥ እንደሚንሳፈፍ የቀይ ዓሣ ጅራት ነበር። ማን እንደሆነች ስጠይቀው «ኢኖሪ ትባላለች፤ የጊልቲ ክራውን ናት፤ አብረን እንየው» አለኝ። ሃያ ሁለቱንም ክፍሎች በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ማታ ማታ ጎን ለጎን ተቀምጠን ጨረስናቸው። እኔም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ስለዚህ ሥራ ለመጻፍ ሳስብ ቆይቻለሁ፤ ምክንያቱም ካየኋቸው አኒሜዎች (የጃፓን የካርቱን ፊልሞች) ሁሉ እንደዚህ ያማረም፣ እንደዚህ ያሳዘነኝም የለም። ፍጻሜውን ጨምሮ ስለማነሣ፣ ያላየው አንባቢ ይህን አውቆ ያንብብ።

ጊልቲ ክራውን በጃፓን የፉጂ ቴሌቪዥን ኖይታሚና በተባለው የሌሊት መርሐ ግብር ከጥቅምት 2011 እስከ መጋቢት 2012 እ.ኤ.አ. የተላለፈ ተከታታይ ነው። የሠራው ድርጅት ፕሮዳክሽን አይ ጂ፣ ዳይሬክተሩ ቴትሱሮ አራኪ፣ የሙዚቃ ደራሲው ሂሮዩኪ ሳዋኖ፣ የገጸ ባሕርያቱን መልክ መጀመሪያ የነደፈው ደግሞ ሬድጁስ በሚል ስም የሚታወቀው ሠዓሊ ነው። ስክሪፕቱን በዋናነት የመሩት ሂሮዩኪ ዮሺኖና ኢቺሮ ኦኮቺ ናቸው። እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች በአንድ ሥራ ላይ ሲሰባሰቡ ተመልካች ብዙ ቢጠብቅ አይፈረድበትም።

የመጀመሪያው ክፍል ያን ተስፋ ሙሉ በሙሉ ይመልሳል። ዘመኑ 2039 ነው። ከዐሥር ዓመት በፊት በገና ዋዜማ «የጠፋው ገና» በተባለው ጥፋት አንድ ቫይረስ ተሠራጭቷል፤ የተያዘ ሰው ገላው ቀስ በቀስ ወደ ሐምራዊ ክሪስታል ይለወጣል። ጃፓንን የሚገዛት ጂኤችኪው የሚባል የብዙ አገሮች ጦር ነው። ሹ ኦማ የተባለ ዓይን አፋር ተማሪ ምሳውን ሊበላ ወደ ተተወ ሕንፃ ሲገባ፣ ዘፈኗን በስልኩ ሲያደምጥላት የነበረችውን ዘፋኝ ኢኖሪን ቆስላ ተቀምጣ ያገኛታል። በክፍሉ መጨረሻ ላይ እጁን ወደ ደረቷ ሲሰድ ብርሃን እንደ ክር ይተረተራል፤ ከብርሃኑም ውስጥ ከቁመቷ የማያንስ ሰይፍ ይወጣል። ያን ትዕይንት ወንድሜ ሦስት ጊዜ መልሶ አሳየኝ። የፍርስራሹን ግራጫ ቀለም፣ የክሪስታሉን ሐምራዊ፣ የልብሷን ቀይ አንድ ላይ ያቀናጀው ሰው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ሙዚቃውም እንዲሁ ነው። ለተከታታዩ ሲባል የተቋቋመው ኢጎይስት የተባለው ቡድን ተከታታዩ ካለቀ በኋላም ለዓመታት መዝፈኑን ቀጥሏል፤ ዘፈኑ ከታሪኩ ይልቅ ዕድሜ አገኘ ማለት ነው።

ከሥዕሉ ይበልጥ የማረከኝ ግን ሐሳቡ ነበር። ሹ ያገኘው ኃይል ዕድሜአቸው ከ17 ዓመት ካልበለጠ ሰዎች ውስጥ «ቮይድ» የሚባል ነገር ለማውጣት ያስችለዋል፤ ቮይድ ደግሞ የባለቤቱ ልብ፣ ፍርሃቱና ምኞቱ ቅርጽ ይዞ የሚገለጥበት መሣሪያ ነው። እግሯ ሽባ ሆኖ በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄደው የአያሴ ቮይድ አቁሞ የሚያስኬዳትና የሚያበራት የእግር ትጥቅ ነው። የባለጸጋ ልጅ ልጅ የሆነችውና በውስጧ ፈሪ የሆነችው አሪሳ ጋሻ ይወጣላታል። ታማሚ ወንድሙን ለመጠበቅ ሲል ጓደኛውን እንኳ አሳልፎ የሚሰጠው ያሂሮ የሕይወትን ክር የሚቆርጥ መቀስ ተሸክሟል። ሁሉን ለመጠገን የምትሻው የዋህ ልጅ ሃሬ ደግሞ ያላት ፋሻ ነው፤ የነካውን ሁሉ ይጠግናል። አንድ ደራሲ ገጸ ባሕርይን ከውስጥ ወደ ውጭ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምን መንገድ ሊያገኝ ይችላል? ጥያቄውም ከሐሳቡ ጋር አብሮ ይመጣል፤ የሌላውን ሰው ልብ ያለ ፈቃዱ አውጥቶ ለጦርነት መጠቀም መብት ነው ወይስ በደል? በየክፍሉ የምጠብቀው ይህን ጥያቄ ነበር።

ሁለተኛ ደረጃ ስማር የአማርኛ መምህራችን ታሪክና ሴራ አንድ እንዳልሆኑ ደጋግመው ያስረዱን ነበር። ታሪክ የድርጊቶች ቅደም ተከተል ሲሆን፣ ሴራ ግን ድርጊቶቹ በምክንያትና በውጤት የሚተሳሰሩበት ገመድ ነው፤ «ከዚያስ?» ለሚለው ታሪክ፣ «ለምን?» ለሚለው ሴራ ይመልሳል ይሉን ነበር። ጊልቲ ክራውንን ሳይ ትዝ ያሉኝ እኚህ መምህር ናቸው። በየክፍሉ እጅግ ብዙ ነገር ይደረጋል፤ ሳተላይት ከሰማይ ይወድቃል፣ ወዳጅ ይከዳል፣ የሞተ ይነሣል፣ ከተማ በግንብ ይታጠራል፤ ነገር ግን ወንድሜ ፊልሙን አቁሞ «አሁን ይህን ለምን አደረገ?» ሲለኝ አብዛኛውን ጊዜ የምመልሰው አልነበረኝም።

ለአብነት የቮይድን ሕግ እንመልከት። በተከታታዩ የመጀመሪያ አጋማሽ ቮይዱ የወጣበት ሰው ራሱን ይስታል፤ በሁለተኛው አጋማሽ ግን ባለቤቱ ራሱን ሳይስት መሣሪያውን በገዛ እጁ ይዞ ይዋጋል። ይህ ለውጥ ጥያቄውን ከሥር የሚለውጥ ነበር፤ ልቡን የተነጠቀ ሰው እና ልቡን በፈቃዱ የያዘ ሰው አንድ አይደሉምና። ተከታታዩ ግን ለትግሉ ትዕይንት የሚመች አዲስ ነገር እንዳገኘ ብቻ አድርጎ ያልፈዋል። ቮይዱ ከተሰበረ ባለቤቱ ይሞታል የሚለውን ከሁሉ የከበደ ሕግ የምንሰማውም ሁለተኛው አጋማሽ ከተጀመረ በኋላ ነው። ከመጀመሪያው ብናውቀው ኖሮ ከዚያ በፊት ያየናቸው ውጊያዎች ሁሉ ሌላ ክብደት በኖራቸው ነበር።

የጂኤችኪው ስምም እንዲሁ ባክኗል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እስከ 1952 እ.ኤ.አ. ድረስ ጃፓንን የተቆጣጠረው የተባባሪዎቹ ኃይሎች ጠቅላይ መምሪያ የሚጠራው በዚሁ ስም ስለ ነበር፣ ጃፓናዊ ተመልካች ስሙን ሲሰማ አያቶቹ የኖሩበት ዘመን ትዝ እንደሚለው ግልጽ ነው። ደራሲዎቹ እንዲህ ያለ ስም መርጠው ሲያበቁ፣ በባዕድ ጦር ሥር መኖር ለአንድ ተራ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ የሚያሳዩት ጥቂት ነው።

ወደ ሰዎቹ ስመጣ ቅሬታዬ ይብሳል። ኢኖሪ ከሥዕሉ ወርዳ ሰው ለመሆን ብዙ ጊዜ ወስዶባታል። የታዘዘችውን ትፈጽማለች፣ ትዘፍናለች፣ ሹን ትከተላለች፤ ባዶነቷ የተፈጠረችበት ዓላማ ውጤት እንደሆነ ዘግይቶ ይነገረናል፤ ያን ጊዜ ግን እርሷን እንደ ጌጥ ማየት ለምደናል። ጂኤችኪውን የሚዋጉት አማፂዎች መሪ ጋይ በ12ኛው ክፍል ይሞታል፤ ሞቱም በሚገባ የተሠራ ነበር፤ አብረን ዝም ብለን የተቀመጥንበትን ያን ምሽት አስታውሳለሁ። ከአምስት ክፍሎች በኋላ ግን ጠላት ሆኖ ተመልሶ ይመጣል። ያዘንንለት ሰው ሲመለስ ሐዘናችን ተመላሽ እንደሆነ ዕቃ ሆነብኝ፤ ከዚያ በኋላ ለሚሞት ሁሉ ከልቤ ማዘን አቃተኝ።

ሥራው ታላቅ ሊሆን አንድ እርምጃ የቀረው በትምህርት ቤቱ ታሪክ ላይ ነበር። ተማሪዎቹ በተዘጋች ቶኪዮ ውስጥ ታግተው፣ ሹ መሪያቸው ሆኖ ይመረጣል፤ ያሂሮ ተማሪዎቹን በቮይዳቸው ጥቅም በደረጃ እንዲከፋፍላቸው ሲመክረው በመጀመሪያ እምቢ ይላል። በ15ኛው ክፍል ሃሬ እርሱን ለማዳን ስትል ትሞታለች። ሹ ከዚያ በኋላ የናቀውን ምክር ያነሣል፤ ዝቅተኛ ደረጃ የተሰጣቸውን ልጆች ቮይዳቸው ሲሰበር እንደሚሞቱ ደብቆ ወደ አደጋ ይልካቸዋል። ያ የተከታታዩ እውነተኛ ጥያቄ በመጨረሻ በሩን ያንኳኳበት ሰዓት ነበር። ዓይን አፋሩ ልጅ በሐዘን ምክንያት እንዴት ጨቋኝ እንደሚሆን፣ የሰውን ልብ መዝኖ ዋጋ ማውጣት ምን እንደሚያስከትል ማሳየት ይቻል ነበር። ነገር ግን በሁለት ሌሊት መካከል የሆነ ያህል ሹ ልብሱንም አነጋገሩንም ይለውጣል፤ ብዙም ሳይቆይ ጓደኞቹ ይከዱታል፤ ጋይ መጥቶ ቀኝ እጁን ይቆርጠዋል፤ ኃይሉንም ይወስደዋል። ሹ ለበደላቸው ልጆች ፊት ለፊት ቆሞ መልስ የሚሰጥበት አንድ ረጅም ንግግር እንኳ አልተጻፈለትም። የቅጣቱ ሥዕል ግን እጅግ ያማረ ነበር፤ የበለጠ ያናደደኝም ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዳአት ስለሚባለው ምስጢራዊ ማኅበር፣ በኢኖሪ ገላ ውስጥ ልትነሣ ስለምትፈልገው የሹ እኅት ስለ ማና እና ስለ ዓለም ፍጻሜ ነው። ምክንያቶቹ በድርጊት ከመገለጥ ይልቅ አንዱ ገጸ ባሕርይ ለሌላው ቆሞ ሲያብራራ እንሰማቸዋለን፤ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ወንድሜ በዚህ ሁሉ አይስማማም። ሥዕል ራሱን የቻለ ጥበብ እንደሆነ፣ አንድ ሰው አንድን ሥራ ለዓይኑ ብቻ ብሎ ቢያየው ምንም ነውር እንደሌለው ይነግረኛል፤ ከኢኖሪ ልብስ ብቻ ስለ ጨርቅ እንቅስቃሴ የተማረውን ከትምህርት ቤት እንዳልተማረው ሲናገር እውነቱን እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም ሥዕሉን አልነቅፍም። የምለው ሥዕሉ ራሱ ታሪክ ይለምን ነበር ነው። ሰይፍ ከሰው ደረት ሲወጣ ያየ ሰው ያ ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። እነዚሁ ሰዎች ምን ማድረግ ይችሉ እንደነበር ለማወቅም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ አራኪና ሳዋኖ በ2013 እ.ኤ.አ. አታክ ኦን ታይታንን ሠርተዋል፤ የሠራው ዊት ስቱዲዮም ከፕሮዳክሽን አይ ጂ የወጣ ነው። እዚያ ሴራው አስቀድሞ በማንጋ (በጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) ተጽፎ ስለ ነበር፣ ያው የእንቅስቃሴ ጥበብና ያው ሙዚቃ የሚሸከሙት ነገር አግኝተዋል። ችግሩ ከባለሙያዎቹ እጅ እንዳልነበረ የሚያሳምነኝ ይህ ነው።

በመጨረሻው ክፍል ኢኖሪ ለሹ ሕይወቷን ትሰጣለች፤ እርሱም ዓይኖቹ ጠፍተው ይተርፋል። ከዓመታት በኋላ የተረፉት ጓደኞች ተሰባስበው የሃሬን ልደት ያከብራሉ። ሹ ሰው ሠራሽ እጁን ይዞ በመካከላቸው አለ። ጠረጴዛው ላይ ኬክ አለ፣ መብራቱ ሞቅ ያለ ነው፣ ከሃያ አንድ ክፍሎች ግርግር በኋላ ማንም አይሮጥም። እኔ በዚህ ትዕይንት አለቀስኩ። ወንድሜ ዞር ብሎ አየኝና «ሃሬን ይህን ያህል ትወዳት ነበር እንዴ?» አለኝ። ልወዳት ፈልጌ እንደነበር፣ ነገር ግን ከእርሷ ጋር እንድቀመጥ የተሰጠኝ ጊዜ በጣም ጥቂት እንደነበር ነገርኩት። በማግስቱ ደብተሩን ከፍቶ ሃሬን መሣል ጀመረ፤ ፋሻዋን በእጇ ጠቅልላ፣ በመስኮት አጠገብ ብቻዋን ተቀምጣ፣ በተከታታዩ ውስጥ በሌለ ትዕይንት።