የታጠፈችው ፒን

ሰርግ በሚያነሱ ሰዎች መሃል “ማርክ ስሪ” ካልክ ሙሉ ስሙን የሚጠይቅህ የለም። ካኖን ፋይቭ ዲ ማርክ ስሪ የሚባለው ካሜራ ነው፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ሙሽራ በሱ እንደተነሳ ቤቱ ይቁጠረው። እኔ ግን ያኔ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ረዳት ነበርኩ። የምይዘው ካሜራ ሴንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል) ትንሽ፣ ካርድ ማስገቢያው አንድ፣ ጨለም ያለ ቦታ ሲገባ ፎቶው ላይ አሸዋ የተነሰነሰበት የሚመስል ዓይነት ነበር።

ጥር ነው። በጥር ሁለት ሰርግ በአንድ ቀን መደራረቡ ብርቅ አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼ (አለቃችንን እንደዚያ ነው የምንጠራው) ማርክ ስሪውን ከነቦርሳው አቀበለኝ።

“ነገ ተክሊሉን አንተ ትይዛለህ። እኔ ሌላኛው ጋ ነኝ። ምንም እንዳትነካካ፤ አስተካክዬዋለሁ።”

እንዳትነካካ ያሉትን ነገር አለመንካት ለኔ ከባድ ነው።

ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም ማለት ይቻላል። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አገላብጠዋለሁ። ባትሪና ካርድ ሲገባበት ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ሴንሰሩ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው፤ የድሮው የፊልም ክር ልክ። ይህ ወረቀት ላይ ሲያነቡት ቁጥር ነው፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ግን ሌላ ነገር ነው። በኔ ካሜራ 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ስከት የሚያሳየኝ እንደ 38 ጠቦ ነበር። ሰው በሞላበት ቤት ወደኋላ እያልኩ ጀርባዬ ግድግዳ ይነካል። በዚህኛው እዚያው ቆሜ ክፍሉ በሙሉ ገባልኝ። ፎከስ መያዣ ነጥቡ 61 ነው፤ የኔው 9 ነበር። ድምፅ የሚቀንስ የሻተር አሠራርም አለው። ቻክ ማለቱን ትቶ እንደ ትንፋሽ ትንሽ ነገር ብቻ ይሰማል። ዲያቆን ዞር ብሎ የገላመጠው ፎቶ አንሺ ብቻ ነው የዚህን ዋጋ የሚያውቀው።

ከዚያ ካርዶቹ ጋ ደረስኩ።

ማስገቢያው ሁለት ነው። አንዱ ሲኤፍ ለሚባለው ካርድ፣ አንዱ ለትንሹ፣ ለኤስዲ። ከፈለግህ አንዱ ሲሞላ ወደ ሌላው እንዲያልፍ ታደርገዋለህ። ከፈለግህ አንድ ዓይነት ፎቶ ሁለቱም ላይ ይጽፋል። ከፈለግህ ደግሞ ለያንዳንዱ ካርድ የተለየ መጠን ትሰጠዋለህ። ጋሼ ሁለቱም ላይ ሮው፣ ማለትም ሴንሰሩ ያየውን ሳይጨመቅ የሚይዘውን ትልቁን ፋይል፣ እንዲጽፍ አድርገውታል። መጋረጃውን እያነጣጠርኩ ደጋግሜ ተኮስኩ። ትንሽ ሄደና ቆመ። መመልከቻው ውስጥ “ቢዚ” ይላል። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ የዚህ ካሜራ የኤስዲ ማስገቢያ ዘገምተኛ ነው። ፈጣን ካርድ ብታስገባለትም ለውጥ የለውም። ሁለቱም ላይ ሲጽፍ ፈጣኑ ዘገምተኛውን ቆሞ ይጠብቃል።

ታዲያ ምን አደረግሁ? ሲኤፉን በሮው ተውኩት። ኤስዲውን ኤስ ዋን አደረግሁት፤ ትንሹ ጄፔግ (ካሜራው ራሱ አዘጋጅቶ የሚጨምቀው ፎቶ)፣ 2880 በ1920 ነጥብ (ፒክስል)። ሙሉው 5760 በ3840 ነው። መጠባበቂያ አይደል፣ ማን ያየዋል ብዬ። እንደገና መጋረጃውን ተኮስኩ። ካሜራው ብር አለ። ከጋሼ የበለጥኩ መስሎኝ ተኛሁ።

እሁድ ሌሊት ጫማ አውልቄ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። ሙሽሮቹ ካባ ለብሰው ቆመዋል። ፍላሽ ክልክል ነው። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 6400 አድርጌ መሥራት ጀመርኩ። ካሜራው የሚሠራውን ሳይ ልቤ አበጠ። ልብ ሲያብጥ ደግሞ ጣት አይሰንፍም። ቄሱ አንዴ እጃቸውን ቢያነሱ እኔ ስምንቴ እተኩሳለሁ። አንድ ሮው ፋይል ወደ 27 ሜጋባይት ነው። 16 ጊጋው ሲኤፍ አክሊሉ ሊደፋ ሲል ሞላ።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ።

ሲኤፍ ካርድ እንደ ኤስዲ አይደለም። ማስገቢያው ውስጥ 50 ቀጫጭን ፒኖች ቆመዋል። ካርዱ ላይ ደግሞ 50 ቀዳዳ አለ። ቀጥ ብሎ ከገባ ሰላም ነው። እኔ ምንጣፍ ላይ በባዶ እግሬ ቆሜ፣ በጨለማ፣ እጄ አልቦት፣ ዓይኔ አክሊሉ ላይ ሆኖ ባዶውን ካርድ ገፋሁት። አልገባም አለ። እኔም አልለቅም አልኩ። አንዲት ትንሽ ነገር እሺ ስትል ጣቴ ላይ ተሰማኝ። ካሜራው ካርድ አንድን ማንበብ አልቻልኩም ብሎ ጻፈ። አውጥቼ በስልኬ መብራት አየሁ። ከፒኖቹ አንዷ ነፋስ እንደጣለው የጤፍ አገዳ ተኝታለች።

ሲኤፉን ኪሴ ከተትኩ። የማስገቢያውን በር ዘጋሁ። ካሜራው ወዲያው በኤስዲው ቀጠለ። ይኸው ሁለት ማስገቢያ ማለት፣ አልኩ በልቤ፤ በድሮው ካሜራዬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማንም አያተርፈኝም። ላይኛው ማሳያ ላይ የቀረኝ ፎቶ ከሺህ በላይ ይላል። ተመስገን አልኩ። ከ16 ጊጋ ካርድ ላይ በሮው ስድስት መቶ እንኳ እንደማይወጣ እያወቅሁ፣ ይህ ሺህ ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅሁም። ማታ የቀየርኩትን ጭራሽ ረስቼዋለሁ።

ስክሪኑ ላይ ፎቶዎቹ ያምራሉ። እንዲያውም ከበፊቶቹ የጠሩ መሰሉኝ። ኋላ ነው የገባኝ። ፎቶ ሲያንስ አሸዋው እርስ በርሱ ይዋጣል፤ ስለዚህ ትንሹ ከትልቁ የጸዳ ይመስላል።

ሰኞ ጋሼ ኮምፒውተር ላይ ከፈቱት። አክሊሉ እስከሚደፋ ሮው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ኤስ ዋን። የሻማውና የነጩ አምፖል ብርሃን ተደባልቆ ነጩን ነጠላ ቢጫ አድርጎታል። በሮው ቢሆን ሁለት ጊዜ ጎተት ማድረግ ነው። በጄፔግ ቢጫውን ስታወጣ የሰዎቹ ፊት አብሮ አመድ ይሆናል።

አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

“ለምን ቀየርከው?”

“እንዳይዘገይ ብዬ ነው ጋሼ።”

“ቅዳሴ ላይ ማን ይሮጣል?”

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ካርዱን የሞላውም፣ ያን ሰዓት መሃል ላይ ያስቀየረኝም ያው ፍጥነት ነው።

ካልኩሌተር አወጡ። ውሉ ላይ 60 በ90 ሳንቲ ሜትር የግድግዳ ፎቶ አለ። 2880 ነጥብ 90 ሳንቲ ላይ ሲዘረጋ ኢንቹ 81 ይደርሰዋል። ሙሉው ቢኖር 163። ሸራ ላይ እናትመው አሉ፤ የጨርቁ ሽመና ብዙ ነገር ይሸፍናል። ግን መጀመሪያ ደውልና ራስህ ንገራቸው አሉኝ። የሙሽሪት እናት አነሱ። ዙሪያ ጥምጥም ሄድኩ።

“ልጄ፣ ፎቶው አለ ወይስ የለም?”

“አለ፣ እማማ። ግን መጠኑ . . .”

“እንግዲያ ምን ታስደነግጠኛለህ!” ዘጉት።

ሸራው ደህና ወጣ። ከሦስት እርምጃ ላይ ማንም አያውቅም። ፒኗን አንድ ጠጋኝ በማጉያ መነጽር እያየ፣ ቀጭን የመርፌ ጫፍ አልብሶ ቀጥ አደረጋት። ከደሞዜ ከፈልኩ። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሙሽራው ደወለ።

“ወንድሜ፣ አያቴ አረፉ። ሌላ ፎቶ የላቸውም፤ መነሳት አይወዱም ነበር። የተክሊሉ ቀን ግን ከኋላችን ቆመዋል። እሳቸውን ብቻ ቆርጠህ አሳድግልን። ለአርባቸው ነው።”

ፈለግሁት። አገኘሁት። አክሊል ከተደፋ በኋላ ያለው ነው። በሰፊ ሌንስ ያነሳሁት፣ ክፍሉ በሙሉ የገባበት። አያት በነጠላቸው ጥግ ላይ ቆመዋል። ዓይናቸው ሙሽራው ላይ ነው፤ ደስ ብሏቸዋል። ከግንባር እስከ አገጭ ቆጠርኩ። 150 ነጥብ። 300 ይሆን ነበር። በ300ው ፖስት ካርድ የምታህል እሠራላቸው ነበር።

የሠራሁት ጉርድ ፎቶ ታህላለች። ከዚያ በላይ ሳሳድገው ፈገግታው እየሟሸሸ ይሄዳል። ሙሽራው ራሱ መጥቶ ወሰዳት። መዳፉ ላይ አድርጎ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለና ተመለከታት።

“ትንሽ ከፍ አይልም?” አለኝ።