ባሌስትራ ፍለጋ ምናለሽ ተራ

ከደብረ ማርቆስ ሌሊት ወጥቼ የአባይን በረሃ በእንቅልፍ አልፌ አዲስ አበባ ገባሁ። ያረፍኩበት አልጋ ቤት አውቶብስ ተራ አካባቢ ነበር፤ የረዳቶች ጥሪና የጡሩምባ ጩኸት ሳያስተኛኝ ስላደረ ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ መርካቶ፣ አሮጌ ብረታ ብረት የሚሸጥበት ምናለሽ ተራ ደረስኩ።

ለቢላ ሠሪ ምናለሽ ተራ ገነት ነው። እኛ ዘንድ ቀጥቃጭ ያገኘውን ብረት ነው የሚቀጠቅጠው፤ እዚህ ይመረጣል። ቀበቶ ላይ ለሚታሰር ቢላ እኔ የመኪና ባሌስትራ (ከሥር ሆኖ ክብደቱን የሚሸከመውን የሞላ ብረት) ነው የምመርጠው። ካርቦኑ 0.6 በመቶ አካባቢ ስለሆነ ስለት ይይዛል፣ ቶሎም አይሰበርም። ፌሮ ርካሽ ቢሆንም ካርቦኑ ትንሽ ስለሆነ የፈለገውን ያህል ግሎ ቢነከር የቢላ ጥንካሬ አይወጣውም። ልዩነቱን ግራይንደር ያሳያል፦ የባሌስትራ ፍንጣሪ ጫፉ ላይ ቅርንጫፍ እያወጣ ይፈነዳል፤ የፌሮው ረጅም ክር ሆኖ ወጥቶ ብዙም ሳይፈነዳ ይጠፋል።

አንዱ ሻጭ "ብራዘር፣ አዲስ ነው" እያለ ክንድ ለማይሞላ ቁራጭ 900 ብር ጠራ። ቁራጩ የመሀሉ ነው፣ የብሎን ቀዳዳውም አለበት። ባሌስትራ መኪና ላይ ሳለ አብዝቶ የሚደክመው እዚያው መሀሉ ላይ ነው፤ ስንጥቅም ከቀዳዳው ይጀምራል። ይህን ብነግረው ከዋጋው ንቅንቅ አላለም። በጣም ተናደድኩ፤ እኛ ገበያ ዕቃው ጎደሎ ከሆነ ዋጋውም ይጎድላል። ከሌላ ሰው የጫፉን ቁራጭ በ350 ብር ገዛሁ። ስንጥቅ እንደሌለው ለማወቅ በነጭ ጋዝ ማራስ፣ በደንብ መጥረግ፣ ከዚያ ጠመኔ መቀባት ነው። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ጋዝ እየወጣ ጠመኔው ላይ መስመር ያሰምራል።

እዚያው ሰፈር አንድ አረጋዊ ቀጥቃጭ ምድጃቸውን ፈቀዱልኝ። "ጋሼ፣ የከሰሉን ልክፈል" ስላቸው "ተው ልጄ፣ እሳቱ እንደሁ መንደዱ አይቀር" አሉኝ። ወናፉን በኤሌክትሪክ ማራገቢያ ተክተውታል። እኔ የቆዳ ወናፍ እመርጣለሁ፤ እሳቱ ቀስ ብሎ ስለሚነሳ የብረቱን ቀለም ለማየት ጊዜ ይሰጣል፤ ማራገቢያው ግን ቀጭኑን ጫፍ ዓይን ሳይነቀል ያቃጥላል። ፍንጣሪ የተፋ ብረት ተቆርጦ ከመጣል ሌላ መላ የለውም።

ስለቱን 11 ሳንቲ ሜትር፣ ጀርባውን 4 ሚሊ ሜትር አደረግኩት። ብረቱ ብርቱካናማ ሳለ ይመታል፤ ወደ ደብዛዛ ቀይ ሲወርድ መዶሻውን ማቆም ነው፣ አለዚያ ይሰነጠቃል። እጀታው ውስጥ የሚገባው ጭራ ከስለቱ ጋር የሚገናኝበትን ጥግ በክብ ሞረድ ክብ አደረግኩት፤ ቢላ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ከቀጥተኛ ጥግ ነው። የስለቱን አፍ ከመንከሬ በፊት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ተውኩለት፤ ከዚያ በላይ ከሳሳ እሳት ላይ ይጣመማል።

አጠገባችን ቢላ ከእሳት ወጥቶ በቀጥታ ውሃ ውስጥ ሲገባ አየሁ። ባሌስትራን ውሃ ይሰነጥቀዋል። ብረቱን ማግኔት መያዝ ካቆመ በኋላ ጥቂት አግሎ፣ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ በሞቀ የሚበላ ዘይት ውስጥ ጫፉን ወደ ታች አድርጎ መንከር ይሻላል። ወደ ጎን ማወዛወዝ ያጣምመዋል። ሞረድ ሲነካው ካንሸራተተ ጠንክሯል ማለት ነው፤ እንዲህ ሆኖ ቢወድቅ ግን ሊሰበር ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ቀስ ብሎ መልሶ በማሞቅ ማለዘብ ያስፈልጋል። ገጹን እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ጠርጌ በአሸዋ የተሞላ መጥበሻ ላይ፣ ጀርባውን ወደ አሸዋው አድርጌ አሞቅኩት። መጀመሪያ ፈዛዛ ቢጫ ይሆናል፣ ቀጥሎ የጠጅ መልክ ይይዛል። የማቆመው እዚያ ላይ ነው። ስለቱ ሐምራዊ ከሆነ ለስልሷል፤ እንደገና ከመንከር ይጀመራል። ጋሼም ቀለሙን ጎንበስ ብለው ሲጠብቁ ቆዩና "በቃ፣ አውጣው" ያሉኝ ልክ እኔ እጄን ስዘረጋ ነው።

እጀታው ከቤት ይዤው የመጣሁት፣ ከተቆረጠ ዓመት ያለፈው ወይራ ነው። መርካቶ ለማጠኛ የሚሸጠው ቀጭን ነው፤ እርጥብ ወይራ ደግሞ በጋ ሲመጣ ይሰነጠቃል። ቀዳዳውን በትራፓኖ ከፍቼ፣ የመጨረሻዋን አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ በጋለ ጭራ አቃጠልኩ፤ ስለቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ሙቀቱ እንዳያለሰልሰው። ሙሉውን ቀዳዳ በማቃጠል ከከፈቱት ከሰል የሆነው እንጨት ይረግፍና እጀታው ይወላልቃል። አፉ ላይ ከመዳብ ቱቦ የተቆረጠ ቀለበት ገባ። ቅባቱ የተልባ ዘይት ነው፣ ስስ ስስ ተደርጎ እየደረቀ ይደገማል። ዘይቱ የነካውን ጨርቅ ዘርግቶ ማድረቅ ግድ ነው፤ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል።

መናኸሪያው ላይ ፍተሻ ስላለ ቢላውን ሳልስለው፣ በካርቶንና በጨርቅ ጠቅልዬ ሻንጣዬ ውስጥ ከታች አስቀመጥኩት። ለሻንጣው 100 ብር አስከፈሉኝ፤ የአፎቱን ቆዳ ደብረ ማርቆስ እገዛለሁ።