ከመጨረሻ አንደኛ ማነው?

ሐዋሳ ስብሰባ የማይጠፋባት ከተማ ናት። ሐይቁ ዳር ባሉት ሆቴሎች አዳራሽ አንዱ ባነር ሳይወርድ ሌላው ይሰቀላል፤ አበል ይፈረማል፣ ማታ ዓሣ ይበላል። እኔም የወረድኩት ለስልጠና ነበር። ርዕሱ ወረቀት ላይ ረጅም ነው፤ ሲያጥር ድሃን መቁጠር ማለት ነው። በፈጣን መንገዱ ወጥተን፣ ሞጆ ላይ ታጥፈን፣ ባቱ ላይ ሻይ ጠጥተን፣ የሻሸመኔን ግርግር እንደምንም አልፈን ከሰዓት በኋላ ገባን። ስለ መንገዱ ብዙ ሰው ስለጻፈ እኔ አልጨምርበትም።

አሰልጣኛችን ጨዋታ አዋቂ ጎልማሳ ነው። ከምሳ በኋላ፣ ቡፌው የከበደው ሁሉ ዓይኑን ማሸት ሲጀምር፣ ፕሮጀክተሩ ላይ የአሜሪካን ካርታ ዘረጋና «ከመጨረሻ አንደኛ ማነው?» አለን። አሜሪካ ካውንቲ የሚባሉ፣ በእኛ ከወረዳ ጋር ሊተያዩ የሚችሉ ከ3,100 በላይ አስተዳደሮች አሏት። በሁለት ዓምድ የተሰለፉ ስሞች አደለን። አንዱ በነፍስ ወከፍ ገቢ ነው። ሌላው በቤተሰብ መካከለኛ ገቢ ነው፤ ቤተሰቦች ከድሃ እስከ ሀብታም ቢሰለፉ ልክ መሀል ላይ የሚቆመው ቤተሰብ የሚያገኘው ማለት ነው። የሁለቱ ዓምዶች ግርጌ አንድ አልነበረም።

ዊለር የምትባል የጆርጂያ ካውንቲ በነፍስ ወከፍ ስትለካ መጨረሻው አካባቢ ትገኛለች። ከጎኔ የተቀመጠው ሰልጣኝ «ድርቅ አለ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ድርቅ የለም፤ ያለው እስር ቤት ነው። ከነዋሪዎቿ ሲሶ ያህሉ እስረኞች ናቸው። እስረኛ ይህ ነው የሚባል ገቢ የለውም፤ ነፍስ ነውና ገቢው በነፍስ ሲካፈል ግን ይቆጠራል። በቤተሰብ ገቢ ሲለካ ደግሞ ከስሌቱ ይወጣል። የዩኒቨርሲቲ ከተሞችም የራሳቸው ጣጣ አለባቸው፦ ዶርም የሚያድር ተማሪ በድህነት ስሌት አይገባም፤ ከግቢ ውጭ ተከራይቶ የሚኖረው ግን አባቱ ሐኪም ቢሆንም ድሃ ተብሎ ይቆጠራል።

በየትኛውም ዓምድ ከታች የማይጠፋም አለ። ላኮታ የሚባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ይዞታ የሆነው ፓይን ሪጅ የሚገኝበት፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2015 ሻነን ይባል የነበረው የሳውዝ ዳኮታው ኦግላላ ላኮታ ካውንቲ፣ መለኪያው ቢቀያየርም ከግርጌው ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ደረጃ ማውጣት ከንቱ ነው አልልም። ከንቱ የሚሆነው ዝርዝሩ እንደ ኳስ ሊግ ሰንጠረዥ ሲነበብ ነው። ሕዝባቸው ከ65,000 በታች የሆኑ ካውንቲዎች አሃዝ የሚወጣው የአምስት ዓመት ናሙና ተደማምሮ ነው፤ በጎረቤት ደረጃዎች መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከስህተት ህዳጉ፣ ማለትም በናሙና ምክንያት አሃዙ ሊዛነፍ ከሚችልበት መጠን ያንሳል። ደግሞስ ሎስ አንጀለስ ካውንቲ ከዝርዝሩ ግርጌ የለችም፤ ድሆቿ ግን ብቻቸውን ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣሉ። ድሃውን ሰው የሚፈልግና ድሃውን ወረዳ የሚፈልግ ሁልጊዜ አንድ ቦታ አይደርሱም።

ወደ እኛ ሲመጣ ነገሩ ከሥሩ ይለያል። እኛ ዘንድ ድህነት የሚለካው በገቢ ሳይሆን በፍጆታ፣ ሰው በሚበላውና በሚጠቀመው ነገር ዋጋ ነው። በ2008 ዓ.ም. ጥናት የድህነት ወለሉ ለአንድ አዋቂ ሰው በዓመት 7,184 ብር ነበር፤ በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ የሚሰጥ ምግብ ዋጋ ላይ ልብሱ፣ ቤቱና ሌላው ወጪ ተጨምሮ የተሰላ። በቀን ሲካፈል 20 ብር አይሞላም። በ1988 ከሕዝቡ 45.5 በመቶው ከወለሉ በታች ነበር፤ በ2008 ይህ ወደ 23.5 በመቶ ወረደ።

«እሺ፣ ወረዳዎቹን በደረጃ አስቀምጡልኝ» አለ አሰልጣኙ። ማንም እጁን አላወጣም። የዚያ ጥናት ናሙና 30 ሺህ ገደማ ቤተሰብ ነው፤ ወረዳዎቻችን ደግሞ ከ1,000 በላይ ናቸው። እኩል ቢታደል ለአንድ ወረዳ 30 ቤት ቢደርስ ነው። በ30 ቤት ወረዳ አይፈረድበትም። መፍትሔው የናሙናውን መረጃ ከሕዝብ ቆጠራ ጋር አዋህዶ መገመት ነው፤ የኛ የመጨረሻው ቆጠራ ግን የ1999 ነው። ያኔ ሐዋሳ 157 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች፤ ሲዳማ ዞን ነበር፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩም ገና አልታሰበም።

ለልምምድ ወደ ሐዌላ ቱላ ወጣን። ከተማዋ ሳታልቅ እንሰቱ ይጀምራል። የገባንበት ቤት ጓሮው በእንሰት ጥቅጥቅ ያለ ነው። እማማ በር ላይ በርጩማ አወጡልን። አብራን የነበረችው የአካባቢው ልጅ በሲዳምኛ እያስተረጎመች «እማማ፣ ባለፈው ወር ስንት ብር ገባልዎት?» አለች። እማማ አሰብ አደረጉና አንዲት ዶሮ ሸጥኩ አሉ። ሌላ? ሌላ የለም። በገቢ ቢለካ እዚያው ላይ አለቀ፤ እማማ ከመጨረሻ አንደኛ ናቸው።

ቀጥሎ ባለፉት ሰባት ቀናት ምን እንደተበላ ተጠየቁ። ቆጮ። ስንት? እጃቸውን ገጥመው ይህን ያህል አሉ። ቅጹ «ይህን ያህል» የሚል ሳጥን ስለሌለው ልጅቷ እንዲያሳዩን ለመነቻቸው። ገብተው በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ይዘው መጡ፤ ቅጠሉን ሲገልጡት ያ ኮምጠጥ ያለ ሽታው ደጁን ሞላው። እሳቸው በሁለት እጃቸው ጨምቀው ውኃውን ካንጠፈጠፉ በኋላ በስፕሪንግ ሚዛን ሰቀልነው። ከመጨመቁ በፊት ይመዘን ወይስ በኋላ በሚለው ላይ ክርክር ተነሳ፤ በዚያ ክርክር ብቻ የአንድ ቤት ፍጆታ ከፍና ዝቅ ይላል። የቱላ ገበያ ዋጋ ተጠይቆ በኪሎ ተባዛ። እማማ የማይሸጡት ነገር ዋጋ ሲወጣለት አይተው ሳቁና «ልትገዙኝ ነው?» አሉ። ለመድረስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት የሚፈጀው ያ ሁሉ እንሰት በብር ሲተመን፣ ቅድም ከሁሉም በታች የነበሩት ሴትዮ ሽቅብ ወጡ። ሀብታም ግን አልሆኑም፤ የጣራው ቆርቆሮ ያስታውቃል።

በማግስቱ ጠዋት አሞራ ገደል ወረድን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት እየጠበቁ በሰው መሀል ይንጎራደዳሉ። የዓሣ ሾርባችንን እየጠጣን ከአንድ ወረዳ የመጣው ባለሙያ የሆዱን አወራኝ። «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርህ? እኛ መሀል ላይ መውጣት ነው የምንፈራው። ከታች ከሆንክ ትረዳለህ፣ ከላይ ከሆንክ ባለሀብት ይመጣልሃል። መሀል ላይ ማን ያይሃል?» የገጠሩ ሴፍቲኔት በ1997 ሲጀመር ወረዳ የተመረጠው በተከታታይ ዓመታት የምግብ እርዳታ መቀበሉ እየታየ ነው። ያኔ እርዳታ ያልደረሰው ችግረኛ ወረዳ ቢኖር በዚያ መስፈርት ችግረኛ መሆኑን ማስረጃ አልነበረውም። ዝርዝሩ በጀት የሚከተለው ከሆነ፣ የሚሞላውም የሚሞላለትም ቅጹን በሌላ ዓይን እንደሚያዩት ሰውዬው ሳይነግረኝም አውቃለሁ።

የመጨረሻው ልምምድ ከተማ ውስጥ ነበር፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ አቅራቢያ ባለ ኪራይ ግቢ። ፓርኩ ሐምሌ 2008 ሲመረቅ የልብስ ሰፊዎቹ መነሻ ደመወዝ በወር 1,000 ብር አይሞላም ነበር። በአንዲት ክፍል አራት የፓርኩ ሠራተኛ ልጃገረዶች ይኖራሉ፤ ሁለት ፍራሽ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ግድግዳው ላይ በሚስማር የተሰቀለ የፋብሪካ ጋውን። መመሪያው ቤተሰብ ማለት አብረው የሚኖሩና ከአንድ ማዕድ የሚቋደሱ ናቸው ይላል። ባልደረባዬ «አብራችሁ ነው የምታበስሉት?» ብሎ ጠየቀ። አንዷ አዎ አለች። ሌላዋ «ሽሮው የጋራ ነው፤ ዘይትና ዳቦ ግን ለየራሳችን ነው» አለች። ሦስተኛዋ ደግሞ ወር ሲያልቅ ሽሮውም የግል ይሆናል ብላ አሳቀችን።

ጨዋታው ቀላል አልነበረም። አራቱን አንድ ቤተሰብ ብለን ከጻፍናቸው፣ አራት ደመወዝተኛ ያለበት፣ ልጅም አዛውንትም የማይጦርበት፣ ለሰፈሩ ደህና የሚባል ቤት ይወጣል። ለየብቻ ከጻፍናቸው እያንዳንዷ የሩብ ክፍል ተከራይ ናት። ሁለቱ በየወሩ ለእናቶቻቸው ብር ይልካሉ፤ ያ ብር የሚመዘገበው ገጠር፣ በእናት ቤት ገቢ ነው፤ ለልጅቷ ፍጆታ አይሆንም።

ተቆጣጣሪው ተጠርቶ መጣ፣ ምድጃውን አየ፣ ድስቱን ከፍቶ አየ፣ «ዘይት ለየብቻ ከሆነ አራት ቅጽ አውጡ» ብሎ ወጣ። አራት ቅጽ ሞላን። ሌላው ቡድን ጎረቤቷን ክፍል፣ እዚያም አራት ልጆችና አንድ ምድጃ ያለባትን፣ አንድ ቤተሰብ ብሎ መዝግቦ ነበር።