ጋሼን ስምንት ዓመት ያስረጀው ቦርድ

አምና መጋቢት ላይ ነው፣ ባህር ዳር የምሠራበት መሥሪያ ቤት የሪከርድና ማህደሩን ጋሼን በጡረታ ልንሸኝ ሽር ጉድ እንላለን። 60 የሚሞላቸው መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ማክሰኞ ስለነበር ሽኝቱም እዛው ቀን ይሁን ተባለ። ጋቢና ሰዓት ተዋጣ፣ ከዛ አንዷ የፋይናንስ ልጅ የተወለዱ ቀን ዓለም ላይ ምን ምን እንደተወራ ከድሮ ጋዜጦች ለቅመን በትልቅ ቦርድ አሳትመን ለምን አንሰጣቸውም አለች፣ ሁላችንም በጣም ወደድነው።

ስለ ጋሼ አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ ግን ታሪኩ አይገባችሁም። እሳቸው ጋ ደብዳቤ ይዘህ ስትገባ መጀመሪያ የሚያዩት ቀኑን ነው። ከቀኑ ኋላ ዓ.ም. ወይ እ.ኤ.አ. የሚል ከሌለ ንቅንቅ የለም፣ ፋይል አይገባም፣ «ልጄ፣ ይሄ የማን አገር ቀን ነው?» ብለው ይመልሱልሃል። ስንቴ ደረጃ አስወጥተው አስወርደውኛል መሰላችሁ፣ ግን እውነታቸውን ነው፣ ከውጭ ድርጅት ጋር የተፈረመ ውል ላይ 2012 ብቻ ተብሎ ከተጻፈ በእኛ ይሁን በፈረንጅ በምን ታውቃለህ፣ በመሃል የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት አለ እኮ።

ቦርዱን የሚሠራው የማተሚያ ቤት ልጅ ጎበዝ ዲዛይነር ነው። እኔ በቴሌግራም «መጋቢት 9 1957» ብዬ ላኩለት፣ እሱም ቀጥ ብሎ ጉግል ላይ ማርች 9 1957 ብሎ ፈለገ። ያገኘውም የዋዛ ዜና አልነበረም፣ የዛን ቀን አላስካ ውስጥ አንድሪያኖፍ ደሴቶች ላይ በሬክተር 8.6 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ማዕበሉ ሃዋይ ድረስ ሄዷል፣ ከሦስት ቀን በፊት ደግሞ ጋና ነፃ ወጥታለች፣ ስለዚህ ከላይ የተናጠ ባህር፣ ከስር ክዋሜ ንክሩማህ፣ መሃል ላይ «ጋሼ የተወለዱ ዕለት» ተብሎ በወርቃማ ቀለም። ከመታተሙ በፊት እንዳርመው ተልኮልኝ ፊደሉን አረምኩ፣ ዓመቱን አላየሁም። ጥፋቱ የኔም ነው።

ሽኝቱ ሁዳዴ ላይ ስለዋለ በያይነቱ ቀረበ፣ ንግግር ተደረገ፣ ከዛ ቦርዱ ተገለጠ፣ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ጋሼ መነፅራቸውን አውጥተው ጠጋ አሉና አነበቡ፣ እንደገና አነበቡ፣ ከዛ ወደኛ ዞረው «ልጆቼ፣ ጋና ነፃ ስትወጣ እኔ መቼ ነበርኩ?» አሉ። ዝም። «በዚህ ቦርድ እኔ 68 ዓመቴ ነው። በሉ እንግዲህ የስምንት ዓመት ውዝፍ ጡረታዬን አምጡ!» ሲሉ ያ ሁሉ ሰው በሳቅ ፈረሰ፣ የሰው ኃይሉ ኃላፊ ሽሮው ትን ብሎት ውሃ ውሃ ተባለ፣ የፋይናንሷ ልጅ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ከዛ ሶፍት ላይ በእስክርቢቶ አስተማሩን። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ከሆነ በእኛ ዓመት ላይ 7፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ከሆነ 8 ትደምራለህ፣ መጋቢትን ወደ ማርች ስትመልስ ቀኑ ላይ 9 ትጨምራለህ። ስለዚህ ማርች 18 ቀን 1965 ነው የተወለዱት። የእኛ ቦርድ ያለበት ቀን ደግሞ የካቲት 30 ቀን 1949 ሆኖ ተገኘ። ያቺን ሶፍት እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጫታለሁ።

ሌላ ቦርድ ካልሰራንላቸው እንቅልፍ አይወስደንም ብለን በዛው ሳምንት ማታ ማታ ቁጭ አልን፣ አሁን ጋዜጣ ደግሞ የዛሬን ወሬ ነገ ነው የሚያወጣው ብለን የማርች 18ንም የ19ንም አየን። ምን ልበላችሁ፣ ቀኑ ራሱ ጉድ ነው! አሌክሲ ሌዮኖቭ የሚባለው ሶቭየታዊ ከመንኩራኩሩ ወጥቶ ጠፈር ላይ የተንሳፈፈ የመጀመሪያው ሰው የሆነው የዛን ዕለት ነው፣ 12 ደቂቃ ያህል ውጭ ቆይቶ ሊመለስ ሲል ልብሱ ተነፋፍቶ አላስገባ ስላለው አየሩን በቫልቭ እያስተነፈሰ በግድ ነው የገባው። የግብፁ የቀድሞ ንጉሥ ፋሩክም በዛው ቀን ነው ሮም ላይ ከባድ እራት በልተው የሞቱት። አሜሪካ ደግሞ ማርቲን ሉተር ኪንግ ከሰልማ እስከ ሞንትጎመሪ የመሩት ሰልፍ ሊነሳ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ያኔ እዚሁ ባህር ዳር በሶቭየት ትብብር የተቋቋመው ፖሊ፣ ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ማለቴ ነው፣ ከተከፈተ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፣ የሩስያ መምህራኑ የሌዮኖቭን ወሬ ሲሰሙ እንዴት ይሆኑ ይሆን እያልን ስናወራ አመሸን።

ቅዳሜ ይዘንላቸው ቤታቸው ሄድን። ጋሼ የዘጌ ልጅ ናቸው፣ እናታቸው «ቅዳሴ ሳይገባ፣ ረፋዱ ላይ ወለድኩህ» ይሏቸው ነበር አሉ። ሌዮኖቭ የወጣው በእኛ ሰዓት ከረፋዱ 5፡34 ነው ስንላቸው ቡናቸውን አስቀመጡ። «እኔ ወደ ምድር ስመጣ እሱ እላይ ወጣ በሉኛ!» ፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ ብታዩት።

«ሲመለስስ በደህና ገባ?» አሉ። ከቦታው ስቶ በማግስቱ ኡራል ላይ በረዶ የሞላው ጫካ ውስጥ ከጓደኛው ጋር እንዳረፈ ነገርናቸው።

«እኔም ጫካ ነው ያረፍኩት፣ ዘጌ ቡና ስር» ብለው ከት ብለው ሳቁ። ከዛ ቦርዱን ከላይ እስከታች አዩና ከደረት ኪሳቸው እስክርቢቶ አወጡ። «መጋቢት 9 ቀን 1957» ከሚለው ኋላ ቀስ ብለው በራሳቸው እጅ ዓ.ም. ብለው ጻፉበት።